ባዶ ቦታ

በዚያ ሕንፃ ውስጥ ወሬ የሚወርደው በአሳንሰር አይደለም፤ በመታጠቢያ ቤት የአየር መውጫ ነው። አርክቴክቱ ምን ነክቶት እንደሆነ እንጃ፣ የሁሉንም ፎቅ መታጠቢያ ቤት በአንድ ቀዳዳ አገናኝቶት፣ ሦስተኛ ፎቅ የተጣሉ ባልና ሚስት አንደኛ ፎቅ ፊቷን የምትታጠብ ሴት ጆሮ ውስጥ ይጨቃጨቃሉ። እብነ በረዱ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው፣ መግቢያው ላይ ፏፏቴ አለ፣ በረንዳው መስታወት ነው፤ ያቺን ቀዳዳ የሚደፍን ግን ጠፋ። በዚያ ቅዳሜ ጠዋት፣ ነዋሪዎቹ በሌለችበት «ነባሯ» የሚሏት ሴትዮ ፊቷን ሳሙና እንደሞላች፣ ከበላይዋ የምትኖረው የነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ ድምፅ ቁልቁል መጣ። ሰብሳቢዋ ንግግር እየተለማመደች ነው። «የተከበራችሁ እንግዶች» ትላለች፣ ጉሮሮዋን ትጠርጋለች፣ ደግሞ «የተከበራችሁ እንግዶች»። ነባሯ ለራሷ ሳቅ አለች። ቀጥሎ የመጣው ግን ሳቋን አፏ ውስጥ አስቀረው። «ዛሬ ሃያኛ ዓመቱን የምናከብርለት ይህ ውብ ሕንፃ ከመቆሙ በፊት ቦታው ባዶ ነበር። ሰው ያልኖረበት፣ ሣር ብቻ የበቀለበት ባዶ ቦታ።»

«ባዶ!» አለች ነባሯ፣ ለመስታወቱ። «እኔ ታዲያ ሣር ላይ ነው የተወለድኩት?» ዓይኗ በሳሙና እየተቃጠለ ፎጣ ፍለጋ ግድግዳውን ዳበሰች። አሁን ፏፏቴው ያለበት ቦታ ማድ ቤታቸው ነበር። ጄኔሬተሩ የቆመበት ደግሞ የእናቷ መኝታ ክፍል፤ መብራት ጠፍቶ ያ ማሽን ባጓራ ቁጥር «ደግሞ እማዬን ሊቀሰቅሳት ነው» ትላለች፣ እናቷ ከሞተች ስንት ዘመኗ። ግቢያቸው ሰፊ ነበር፤ ግድግዳው በኖራ የተቀባ፣ ጣሪያው ዝናብ ሲመታው ሰው ከሰው የማያሰማማ ቆርቆሮ፣ የበሩ ማጠፊያ ዘይት ቢያጠጡት የማይሰማ ነዝናዛ። ነዋሪዎቹም ይህን ያውቃሉ። «ነባሯ» ያሏትስ ከሕንፃው በፊት ስለነበረች አይደል? ስሙን ያወጣላት የአምስተኛ ፎቁ የጥርስ ሐኪም ነው። ሲያወጣላትም አክብሯት እንዳይመስላችሁ፤ ስለ ግድግዳ እርጥበት የሚያወራ ይመስል «ይቺ ነባሯ መቼም አትለቅም» ብሎ ነው። በረንዳዋ መንገዱን ስለሚያይ ልብስ እንዳታሰጣ ስንቴ ተነግሯታል። ትናንት አመሻሽ ደግሞ ጥበቃው አንገቱን እያከከ መጥቶ «እትዬ፣ ነገ ትልልቅ እንግዶች ስላሉ በረንዳው ላይ ምንም እንዳይታይ ብለዋል። እ… ከቻሉ በርዎንም ዘግተው ቢውሉ ብለዋል» አላት። «እኔንም ከነልብሴ አጥፋችሁ ቁም ሣጥን ውስጥ ክተቱኝ በላቸው» ብላ ሸኘችው።

ሌላ ቀን ቢሆን ሆድ ይፍጀው ብላ ታልፈው ነበር። ዛሬ ግን ወንድሟ ይመጣል። ለእንግድነት አይደለም የሚመጣው፤ ጠቅልሎ ሊገባ ነው። ጠዋት በበዓሉ ላይ «መሥራቹ» ተብሎ የክብር ወንበር ይቀመጣል፣ ከሰዓት ሻንጣውን ይዞ እሷ ጋ ይወጣል። ሰውየው ቦታውን ሕንፃውን ለሠራው አልሚ ሰጥቶ በምትኩ ያገኛቸውን አፓርታማዎች አንድ በአንድ ሸጦ በልቶ ጨርሶ፣ ሴት ልጁን ተጠግቶ ይኖር ነበር። እዚያም ከልጁ ባል ጋር ዓይንና ናጫ ሆነ። የሾርባው ጨው በዛ፣ የቴሌቪዥኑ ድምፅ አነሰ፣ ወንበሬ ላይ ማን ተቀመጠ፤ በቃ ቤቱን አመሰው። ልጅቱ ለአክስቷ ደውላ «ወይ አባቴን ወይ ትዳሬን አጣለሁ፣ አንድ በይኝ አክስቴ» ብላ አለቀሰች። ነባሯም እሺ አለች። ትንሿን ክፍል ጠራረገች፤ የራሷን ወፍራም ፍራሽ ለእሱ አድርጋ ቀጭኑን ወሰደች፤ ካወጣችው የማታውቀውን አዲስ አንሶላ አነጠፈች፤ ሲነሣ እንዳይጠልፈው ምንጣፉን ጠቀለለች። በበሩ ጀርባ ደግሞ አንድ አሮጌ ጥቁር ካፖርት ሰቀለች። የእሱ ካፖርት ነው። ሲያየው ምን እንደሚል ለማየት ጓጉታለች።

እሺ ያለችው ስለምትወደው አይደለም። እውነት ለመናገር ወንድሟ የሚወደድ ሰው አይደለም። ልጅ ሳለች ይቆነጥጣት ነበር፤ ስታድግ ደግሞ ይመክራት ጀመር፣ ምክሩ ከቁንጥጫው ይብሳል። ይህችን አፓርታማ፣ ከሁሉ ትንሿን፣ ከጄኔሬተሩ አናት ላይ ያለችውን ከሰጣት ወዲህ፣ በተገናኙ ቁጥር ምስጋና ሳያስከፍላት ተለይቷት አያውቅም። ግን አንዲት ቀን አለችው። ካለፈች ሃያ ሁለት ሃያ ሦስት ዓመት ይሆናታል። እናታቸው ልቧን እያመማት ዳገት መውጣት ያቃታት ጊዜ፣ አንድ ጠዋት ወንድሟ መኪና ተከራይቶ በራቸው ላይ ቆመ። «እማዬን አሁኑኑ ሐኪም ቤት ውሰጃት፤ ትልቁ የልብ ሐኪም ጋ ቀጠሮ ይዤላታለሁ። አብረሻት ዋይ። ሳትታይ እንዳትመለሱ!» አለ። ብርድ ነበር። ካፖርቱን አውልቆ እናቱን አለበሳት፣ ደግፎ መኪናው ውስጥ አስቀመጣት፣ በሩንም ራሱ ዘጋው። እናቷ መንገዱን ሙሉ የካፖርቱን እጅጌ እየዳበሰች «ልጄ፣ የኔ ልጅ» ስትል ሄደች።

ሐኪም ቤት ሲደርሱ ቀጠሮ የሚባል ነገር የለም ተባሉ። ነባሯ ከካርድ ክፍል ሠራተኛዋ ጋር ተሟገተች። «ወንድሜ ይዟል እያልኩሽ! የእናቴን ስም የጣልሽው አንቺ ነሽ፣ ዓይን አውጣ!» ብላ ሰው እስኪከባት ጮኸች፤ ሴትዮዋ እንባዋ እስኪመጣ ሰደበቻት። አግዳሚ ላይ ቁጭ ብለው ውለው፣ ሳይታዩ ተመለሱ። ሲመለሱ ቤታቸው ጣሪያ የለውም። ወንድሟ ፍርስራሹ መሀል ራሱን ይዞ ተቀምጧል። «ሳላውቅ ድንገት መጡብኝ፣ ልማት ነው አሉኝ፣ ምን አቅም አለኝ» እያለ ያለቅሳል። በኋላም «እኔ ከአልሚው ጋር ባልደራደር ይህችንም አናገኝም ነበር» ይል ነበር፤ ማን ይጠራጠረዋል? እናታቸው በኪራይ ክፍል «ቤታችን መቼ ነው የምንገባው?» እያለች፣ ሕንፃው ግማሽ ሳይደርስ ሞተች። ስትሞት ያንኑ ካፖርት ደርባ ነበር። ነባሯ ወንድሟን የታገሠችው ያቺን ጠዋት እያሰበች ነው። ክፉ ነው፣ ሆዳም ነው፣ ግን እናቱን በካፖርቱ ጠቅልሎ ሐኪም ቤት ልኳታል። ለዚያች ቀን ሲባል አንድ ክፍል አይሰጠውም?

ሹራቧን ደርባ በደረጃው ወደ ሁለተኛ ፎቅ ወጣች። ሰብሳቢዋ ፀጉሯን በመጠቅለያ እንዳሰረች በሩን ገርበብ አደረገችው፤ እንዳትገባ ደግሞ በእግሯ ደግፋዋለች።

«ቦታው ባዶ አልነበረም» አለች ነባሯ፣ ሰላምታም ሳታስቀድም። «ቤት ነበረበት። ሰው ነበረበት።»

«ስለ ንግግሬ ማን ነገረዎት?»

«መታጠቢያ ቤትዎ ነገረኝ።»

ሰብሳቢዋ ቀላ አለች። ግን ወዲያው ተመለሰላት፤ ዕድሜዋን ሙሉ ባንክ ውስጥ ብድር ጠያቂ ስትመልስ የኖረች ሴት እምቢታ አይቸግራትም። «እትዬ፣ እኔ ብተወውም ጽሑፉ እብነ በረድ ላይ ተቀርጿል። ግድግዳው ላይ መጋረጃ ለብሶ ቆሟል። ለአንድ ቃል ብለን ድንጋይ እንፍለጥ ነው የሚሉኝ?»

«ቃሉ አንድ ከሆነማ ምን ያስቸግራል? ይፋቅ!»

«ደግሞስ ቃሉን ከቤታችን አላመጣነውም። የሕንፃውን ታሪክ የነገሩን የእርስዎው ወንድም ናቸው። ባዶ ነበር ብለው አፋቸውን ሞልተው ነው የነገሩን። ይልቅ ከቤተሰብዎ ጋር ይነጋገሩ።» በሩ ተዘጋ። ከውስጥ «አይ ቅዳሜዬ! በጠዋቱ!» ስትል ተሰማች።

ነባሯ ደረጃው ላይ ጥቂት ቆመች። ጋሼ፣ ታላቅ ወንድሟ፣ እንዲህ አይልም። ወይ በእርጅና ተምታቶበት ነው፣ ወይ እነዚህ ሰዎች የማይፈልጉትን ቆርጠው ጥለውበታል። ቤቷ እንደተመለሰች የወንድሟ ልጅ ደወለች። የክኒኖቹ ሣጥን ሻንጣው ጎን ነው፣ ቁርስ ላይ ቅቤ እንዳትሰጪው፣ ጫማውን ሲፈታ ጎንበስ ማለት አይችልም። ነባሯ ሁሉንም ሰምታ «ጋሼን አገናኚኝ፣ አንድ ነገር ልጠይቃቸው» አለች። «ከረባት እያማረጠ ነው አክስቴ። ምንድነው እሱ?» «ቦታው ባዶ ነበር ብለዋል ወይ?»  ከልጅቱ ኋላ የባሏ ጉርምርምታ ይሰማል፤ ሻንጣ ሲጎተት ይሰማል። «ኧረ በናትሽ አክስቴ፣ ዛሬን እንኳ በሰላም እንዋል» አለችና ዘጋችው። ነባሯ ስልኩን እንደያዘች ወስና ጨረሰች። ድንጋዩን ይተውት። ወንድሟ ግን ማይክሮፎን ይሰጠዋል። ሰው ሁሉ እየሰማ «እናቴ እዚህ ትኖር ነበር» ይበል፤ ሌላ ምንም አትጠይቀውም። ፍራሹም ክፍሉም ይሁነው፣ ጫማውንም እየፈታች ታኖረዋለች።

ቀሚሷን ቀይራ ስትወርድ አዳራሹ ሞልቷል። ነጭ ጨርቅ የለበሱ ወንበሮች በረድፍ ቆመዋል፤ ፏፏቴው ውስጥ አበባ ተበትኖበት ቱቦውን ስለዘጋው አንድ የጽዳት ሠራተኛ እጇን እስከ ክርኗ ከታ ታወጣለች። የጥርስ ሐኪሙ ሚስት ነባሯን ከእግር እስከ ራሷ አይታ ቦርሳዋን ከጎኗ ወንበር ላይ አስቀመጠችው። ጥበቃው ተከትሏት መጥቶ «እትዬ፣ ወንበሩ በስም ነው… የእርስዎን ረስተውት ነው መሰለኝ» አለ፣ መሬት መሬት እያየ። «ግዴለም፣ እግር አለኝ» አለችና ከዕቃ አሳንሰሩ አጠገብ ከጽዳት ሠራተኞቹ ጋር ቆመች። ወንድሟ በሴት ልጁ ተደግፎ ገባ። ከረባቱ ቀይ ነው። ሰዎች ተነሡለት፤ እሱም እንደ ሙሽራ ግራና ቀኝ እጁን እያነሣ አለፈ። እህቱን አላያትም። ሰብሳቢዋ ንግግሯን አነበበች፣ ባዶ የምትለው ላይ ስትደርስ ትንሽ ፈጠን አለች፣ መጋረጃውን ሳበች፣ ተጨበጨበ። እዚያ አለ፤ በወርቅ ቀለም፣ ጥልቅ ተደርጎ የተቀረጸ። «ባዶ ቦታ።» ከዚያ ማይክሮፎኑ ለመሥራቹ ተሰጠ።

«እውነቱን ልንገራችሁ ወይ?» አለ ወንድሟ። «ባዶ ነበር ሲባል፣ እንዲሁ ባዶ ሆኖ የቆየ እንዳይመስላችሁ!»

 ይኸው ሊናገር ነው። ነባሯ ሳታውቀው ሁለት እርምጃ ወደ ፊት ሄደች።

«ባዶ ያደረግሁት እኔ ነኝ!» አለ ወንድሟ። ሳቅ ሆነ። ሳቁ ጣመውና ማይክሮፎኑን ወደ አፉ አስጠጋ። «በዚያን ጊዜ ሰው የሚኖርበት ቦታ ላይ ፈቃድ የለም። መርማሪ መጥቶ፣ ቦታው ባዶ መሆኑን በዓይኑ አይቶ መፈረም አለበት። እኔ ደግሞ ቤት ውስጥ ሁለት ሴቶች ተቀምጠውብኛል፤ እናቴና እህቴ። እናቴን ነፍሷን ይማረውና፣ ከዚያ ቤት በዶማም አትነቀል! ታዲያ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? መኪና ተከራየሁ! የልብ ሐኪም ጋ ቀጠሮ ይዤልሻለሁ ብዬ ሁለቱንም ሐኪም ቤት ሰደድኳቸው! በርዷት ትመለስብኛለች ብዬ ፈርቼ ካፖርቴን ሳይቀር አለበስኳት! መርማሪው ሲመጣ ድመት የለ፣ ውሻ የለ፤ ባዶ! ወዲያው ፈረመ። ከሰዓት ጣሪያው ወረደ!»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። የጥርስ ሐኪሙ ዓይኑን በመሀረብ እየጠረገ «ጭንቅላት ማለት ይኼ ነው!» አለ። የወንድሟ ልጅ ብቻ ጫማዋን ጫማዋን ታያለች፤ ታውቅ ኖሯል ወይስ አሁን መስማቷ ነው፣ እሷው ትወቀው።  በነባሯ ፊት ድቅን ያለችው እናቷ አይደለችም፤ ያቺ የካርድ ክፍል ሠራተኛ ናት። «እህቴ፣ የለም፤ ከየት ላምጣልሽ?» እያለች እንባ ያቀረረችው። እውነቷን ነበር። ያን ቀን እውነት የነገረቻት ሰው እሷ ብቻ ነበረች፣ ዓይን አውጣ ብላ የሰደበቻትም እሷኑ ነው።

«ያቻትና እህቴ!» አለ ወንድሟ፣ ጣቱን ወደ ዕቃ አሳንሰሩ ቀስሮ። «ትመስክር! ዋሸሁ?»

አንገት ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። ሰብሳቢዋ ሳቋን ይዛ ሰዓቷን አየች።

«ቀጠሮውስ ጋሼ?» አለች ነባሯ። ድምፅዋ ቀጭን ሆኖ ወጣ። «የልብ ሐኪሙ ቀጠሮ። ይዘውላት ነበር ወይ?»

«የምን ቀጠሮ! እየነገርኩሽ እኮ ነው!» አለና ወደ እንግዶቹ ዞረ። «አያችሁልኝ? እስከ ዛሬ አልገባትም!»

ከሳቁ በኋላ ኬክ ተቆረጠ። እሷ በደረጃው ወጣች፤ ማንም አልጠራትም። ትንሿ ክፍል ገብታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ልታለቅስ ፈልጋ ነበር፣ እምቢ አላት፤ ንዴቱ ዕንባውን በልቶታል። እንዴት አላወቅሁም? እንዴት ያን ሁሉ ዓመት እንደ ሞኝ አመሰገንኩት? እናቴስ ያንን ጨርቅ እየዳበሰች «የኔ ልጅ» ስትል? ብድግ ብላ ካፖርቱን ከበሩ ጀርባ መነጨቀችው። ኮሪደሩ ላይ ወዳለው የቆሻሻ ቱቦ ወስዳ ጨመረችው። ወፍራም ስለሆነ መሀል ላይ ተወተፈ፤ አንዱ እጅጌ ወደ ውጭ ተንጠለጠለ። ቤት ተመልሳ የመጥረጊያውን እንጨት አመጣች፣ እየደቃች፣ እየተሳደበች ገፋችው። ቁልቁል ሲወድቅ ድምፁን ሰማች። ከዚያ እጇን ታጥባ ተቀመጠች። በቀዳዳው የሳህንና የሳቅ ድምፅ ከታች ሲመጣ ቆየ፤ እየሳሳ ሄደ፤ ጸጥ አለ።

ያ ሕንፃ አንድ ደንብ አለው፤ ያወጣችው ሰብሳቢዋ ናት። ነዋሪው በበሩ ስልክ በገዛ ድምፁ ይግባ ሳይል፣ እናትም ትሁን አባት ወደ ላይ አይታለፍም። ስልኩ ሲጮህ ነባሯ እየጠበቀችው ነበር።

«እትዬ፣ መሥራቹ ከነሻንጣቸው እዚህ ናቸው። ልጃቸው አውርዳቸው ሄደች፣ ባለቤቷ መኪና ውስጥ ቸኮለ። ላሳልፋቸው?»

«ቤቱ ውስጥ ሰው የለም በለው።»

ጥበቃው ጆሮውን ተጠራጠረ። ይህች ሴት ስለ ወንድሟ ስታወራ «እሳቸው» ሳትል ቀርታ ሰምቶ አያውቅም። «እትዬ… በለው ነው ያሉኝ?»

«በለው። ባዶ ነው በለው።»

«ኧረ እትዬ፣ እዚሁ አጠገቤ ሆነው ድምፅዎን እየሰሙ ነው።» ከጀርባው የወንድሟ ድምፅ መጣ፤ ከማይክሮፎኑ ርቆ አንሷል፣ ሰልሏል። «ምን ነካሽ አንቺ? እግሬን አሞኛል፣ ክፈቺልኝ እንጂ! ወዴት ልሂድ ታዲያ?» ሻንጣው እብነ በረዱ ላይ ሲንቋቋ ተሰማ፤ የተቀመጠበት ይመስላል።

ወዴት ልሂድ የሚለው ሆዷን አልነካውም ማለት ውሸት ነው። ነካት። እጇ የበሩን መክፈቻ ቁልፍ አጠገብ ደርሶ ነበር። ግን እናቷም አንድ ጊዜ እንዲሁ ብላለች፤ ጣሪያ በሌለው ቤት በር ላይ ቆማ፣ ካፖርት ለብሳ። እጇን መለሰችው።

«እህትህ የለችም በለው» አለች፣ ቃሉን እየነጣጠለች፣ ቀስ ብላ። «እናትህን ይዛ ሐኪም ቤት ሄዳለች። ቀጠሮ አላቸው። ሳይታዩ አይመለሱም በለው።»

ስልኩን ሰቀለች። ትንሿ ክፍል ገብታ አዲሱን አንሶላ ከፍራሹ ገፈፈችው፣ ውሃ ውስጥ ነከረችው፣ እንደነገሩ ጨምቃ መንገዱን በሚያየው በረንዳ ላይ ሰጣችው። ውሃው ዋናው መግቢያ ላይ ይንጠባጠብ ጀመር። ከላይ ሰብሳቢዋ «ኧረ ምንድነው ይሄ! ኧረ ዛሬን!» ስትል በቀዳዳው ይሰማል። ነባሯ ወፍራሙን ፍራሽ እየጎተተች ወደ ራሷ ክፍል መለሰችው።